ማንም ያልተረከበው ፈረቃ

በ2074 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ ወንበርተኛን ለመለየት ክንዱን ማየት ይበቃ ነበር። አስፋልቱ ጫማ እየያዘ በሚያስቀርበት ሙቀት ወፍራም ጃኬት አንጠልጥሎ ወደ ከዚራ ሰፈር የሚሄድ ሰው ካለ፣ ወንበር ቤት ገቢ ነው። አዳራሹ ለማሽኖቹ ሲባል ቀን ከሌት ይቀዘቅዛል። ሠራተኞቹ በረድፍ በተደረደሩ ወንበሮች ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ከወንበሩ ጋር በተያያዘ የማሽን ጓንት ውስጥ ከትተው፣ በሰሜን ባሕር ዳር የቆሙ ክሬኖችን ያንቀሳቅሳሉ። መርከብ ያራግፋሉ፣ መርከብ ይጭናሉ። ፈረቃቸው ሲያልቅ ጃኬታቸውን አውልቀው ወደ ፀሐዩ ይወጣሉ። ወደቡን ሄዶ ያየ ከመካከላቸው አንድም ሰው አልነበረም።

ፈትያ ዩሱፍ ከእነሱ አንዷ ናት። ዕድሜዋ አርባን አልፏል፤ ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ነበረች። ጠዋት ስትነሣ ፊቷን ሳትታጠብ በስልኳ የዚያን ወደብ ነፋስ ትጠይቃለች። ባሏ ጀማልም "እዚያስ እንዴት አደረ?" ይላታል፣ ሌላው ሰው ስለ ታመመ ዘመድ እንደሚጠይቀው። እዚያ ነፋሱ ከበረታ ጓንቱ እንደሚገፋት፣ ማታ ትከሻዋን ሲያማት እንደሚያድር ያውቃል። ሠራተኞቹ የማኅበራቸው ሊቀ መንበር አድርገው የመረጧት ተናጋሪ ስለሆነች ሳይሆን የጀመረችውን ስለማትተው ነበር።

ማኅበሩ ቅዳሜ ጠዋት በከተማው ሬዲዮ "መጪዎቹ ሳምንታት" የሚል ዝግጅት ነበረው። የሚያዘጋጁት ጋሽ ሮብሌ ዋበሪ ናቸው፤ ወንበር ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው። የት አገር ምርጫ እንደሚደረግ፣ የትኞቹ መንግሥታት በቀረጥ ጉዳይ እንደሚቀመጡ፣ የትኛው ስምምነት ለድምፅ እንደሚቀርብ በጎርናና ድምፃቸው ያነብባሉ። ከተማው ኳስ እንደሚሰማ ይሰማቸዋል። ሰሜን ያለ አንድ ምክር ቤት ሐሙስ ዕለት ቀረጥ ከጨመረ ሰኞ ድሬዳዋ ላይ አንድ ፈረቃ ይታጠፋል፤ ፈረቃ ከታጠፈ ደግሞ ታይዋን በሚባለው የከተማው ገበያ ላይ ጨርቅ የሚሸጠውም ይሰማዋል። ስለዚህ ሻይ ቤት ውስጥ "የዚያ አገር ገንዘብ ሚኒስትር ሊወርድ ነው" ከተባለ ዳቦ አዳዩ ሳይቀር ጆሮውን ያቆማል።

ነገሩ የጀመረው በአሰግድ ነው። አሰግድ ከፈትያ ጎን ባለው ወንበር የሚሠራ፣ ትዳር ከያዘ ገና ዓመት ያልሞላው ሰው ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ እዚያ ወደብ ላይ ድንገተኛ ነፋስ ክሬኑን መታው። ክሬኑ ሲናጥ ጓንቱም አብሮ ተናጠ፤ የአሰግድ ቀኝ እጅ ከአንጓው ላይ ተሰበረ። ፈትያ ድምፁን ሰምታለች። ደረቅ እንጨት ሲሰበር ይመስል ነበር። እጁ ሲድንም ጠሞ ዳነ፤ ጣቶቹ አልታጠፍ አሉ።

አሰግድ ካሳ ጠይቆ ከሰሰ። እዚህ ያለው ፍርድ ቤት ሕጉን አገላብጦ አደጋው የደረሰው ክሬኑ ባለበት ነው፣ እኔን አይመለከተኝም አለ። በወደቡ አገር ያለው ፍርድ ቤት በበኩሉ ከሳሹ ድንበሬን ረግጦ አያውቅም ብሎ መለሰው። የወንበር ቤቱ ባለቤት ድርጅት የተመዘገበባት ደሴት የሰጠችው መልስ ከሁሉም አጭር ነበር፤ ድርጅቱ ሠራተኛ የለውም፣ ያሉት ወንበሮች ናቸው። በሕጉ መሠረት የአሰግድ እጅ የትም አልተሰበረም።

በዚያ ዓመት ሞምባሳ ላይ የርቀት ሥራ ጉባኤ ሊቀመጥ ነበር። ለድምፅ ከቀረበው ስምምነት ውስጥ አራተኛው አንቀጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ ሥራ ተሠራ የሚባለው የሠራተኛው አካል ባለበት አገር ነው። ጋሽ ሮብሌ በሬዲዮ ቀስ ብለው ደጋግመው አነበቡት። ቀጥለውም ጉባኤው ሁለት ጊዜ እንደሚቀመጥ፣ መጀመሪያ ለውይይት፣ ከወር በኋላ ደግሞ ለድምፅ እንደሆነ ተናገሩ። ከድምፁ በኋላ የሰሜን አገሮችና የአፍሪካ መንግሥታት የንግድ ድርድር አለ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ በወደቡ አገር ምርጫ አለ። "ሦስቱን ለየብቻ አትዩአቸው" አሉ። "አንድ ገመድ ናቸው።"

ሥራ ማቆም የሚለው ነገር ሲነሣ ግን ሁልጊዜ መልሱ አንድ ነበር። የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ናሆም ከፈትያ ጋር አንድ ትምህርት ቤት የተማረ፣ አሁንም መንገድ ላይ ሲያገኛት ስለ ቤተሰቧ ሳይጠይቅ የማያልፍ ሰው ነው። እሱ እንደሚለው እነሱ ቢያቆሙ ሌላ አዳራሽ ይረከባል፤ የት እንዳለ እሱም አያውቅም፣ ግን የተራቡ ናቸው፣ ሥራውን ለመንጠቅ አሰፍስፈው ይጠብቃሉ።

እውነትም ሌላ አዳራሽ እንዳለ እጃቸው ያውቃል። ፈረቃ ሲያልቅ ክሬኑ አይቆምም፤ ቢጫ መብራት ይበራል፣ ተረካቢው ከሌላ የዓለም ጫፍ ክሬኑን ይይዛል፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ሁለት ሰው አንድ ክሬን ይይዛል። ያኔ ጓንቱ ውስጥ የሌላ ሰው ክብደት ይሰማል። ፈትያን የሚረከበው ሰው አያያዙ ከባድ ነው፤ ዘግይቶ ይይዝና ጠበቅ ያደርጋል። ሴት ይሁን ወንድ አታውቅም። ስምም ሆነ አገር መጠየቅ ከሥራ ያስባርራል።

ለመጀመሪያው ውይይት ማኅበሩ ፈትያን ወደ ሞምባሳ ላካት። በባቡር በሞያሌ በኩል ሄደች። ጉባኤው የተቀመጠው ባሕር ዳር ባለ ረጅም ሕንፃ ውስጥ ነበር፤ እሷም የመጀመሪያ ቀን ዕረፍት ላይ ወጥታ ከሩቅ ወደቡን አየች። ክሬኖቹ ያለ ሰው ሲወዛወዙ ለብዙ ጊዜ ቆማ ተመለከተች። እነዚህንም የሚያንቀሳቅስ ሰው የሆነ ቦታ ጃኬት ለብሶ ተቀምጧል።

የአገሯን መንግሥት ወክለው የመጡት አምባሳደር ህሊና ናቸው። ፈትያ ልታነጋግራቸው ስትጠይቅ ይገፉኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ እሳቸው ግን ወንበር ስበው አስቀመጧት። ነገሩን ሳይሸፋፍኑ ነገሯት። የሰሜን አገሮች አንቀጽ አራት ከስምምነቱ እንዲወጣ ሐሳብ ያቀርባሉ። ያንን የደገፈ መንግሥት በሚመጣው የንግድ ድርድር ቡናውና ቆዳው ያለ ቀረጥ ይገባለታል። የተሰጣቸው ትእዛዝ ደግፉ የሚል ነው።

"የአሰግድን እጅ አይተውታል?" አለቻቸው ፈትያ። ፎቶውን ከውይይቱ በፊት ለሁሉም ልዑካን ልካ ነበር።

"አይቼዋለሁ" አሉ አምባሳደሯ። "እኔ የምነግርሽ የማስበውን አይደለም፣ የታዘዝኩትን ነው። ትእዛዝ ደግሞ የሚቀየረው እዚያ ያሉት የሚፈሩት ነገር ሲቀየር ነው።"

ፈትያ አመስግና ወጣች። ተናድዳ ነበር፤ ግን የሴትዮዋ ቃል ከጭንቅላቷ አልወጣም።

ከሁለት ቀን በኋላ ምሳ ላይ አንዲት አጠር ያለች፣ ፀጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች ሴት ሳህኗን ይዛ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ማሪቴስ ትባላለች፤ ከፊሊፒንስ ናት፣ ኢሎኢሎ ከምትባል ከተማ። እሷም እንደ ፈትያ ከሩቅ ሆና ክሬን ታንቀሳቅሳለች። የማስተርጎሚያውን መሣሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ማሪቴስ ፈረቃችሁ ስንት ሰዓት ያልቃል ብላ ጠየቀች። ፈትያ ነገረቻት። ማሪቴስ ሹካዋን አስቀመጠች። የእነሱ የሚጀምረው ልክ ያኔ ነው። ወደቡም አንድ ነው።

ስምና አገር መጠየቅ የተከለከለው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ለሁለቱም ገባቸው።

"ስለ እናንተ የሚነገረን የተራባችሁ መሆኑ ነው" አለች ማሪቴስ። "ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉት እናንተ እስክታቆሙ ነው የሚጠብቁት ይሉናል።"

"እኛንም በእናንተ ነው የሚያስፈራሩን" አለች ፈትያ። "በዚሁ ቃል።"

ማሪቴስ አልሳቀችም፤ ፈትያም አልሳቀችም። ሳህኑ እስኪነሣ ድረስ ስለ ወንበሩ አወሩ። የማሪቴስ የክሬን ቁጥር ከፈትያ የተለየ ነበርና ያ ከባድ እጅ የማን እንደሆነ አልተገኘም። ወሬው ግን በመጨረሻ አንድ ቦታ ደረሰ። ድሬዳዋ ብቻዋን ብታቆም ኢሎኢሎ ትረከባለች፤ ኢሎኢሎ ብቻዋን ብታቆም ድሬዳዋ ፈረቃዋን ታራዝማለች። የቀረው መንገድ አንድ ነው። ድምፅ በሚሰጥበት ቀን አንዱ ያስረክብ፣ ሌላው አይረከብ። ማሪቴስ ሰዎቿን ለማሳመን ቃል አልሰጠችም፤ እሞክራለሁ ነው ያለችው። ፈትያ ይህን ወደደችላት።

ድሬዳዋ ስትመለስ ሰውን የሰበሰበችው ከወንበር ቤቱ ራቅ ባለ የሠርግ ድንኳን ውስጥ ነበር። ያየችውንና የሰማችውን ነገረቻቸው። ክርክሩ እስከ ምሽት ቆየ። አንዱ እነዚያ ሰዎች ቢከዱንስ አለ። ሌላዋ ልጆቿ ትምህርት ቤት መሆናቸውን አነሣች። አንድ ሽማግሌ ወንበርተኛ ደግሞ ለአሥር ዓመት ሙሉ ክሬኑን ለሰው ሲያስረክብ አንድ ቀን እንኳን ሰላም ብሎ እንደማያውቅ ተናገረ፤ ለምን እንዲህ እንዳለ ግን አልጨመረም። ሁሉም የጠየቋት በስተመጨረሻ አንድ ነገር ነበር። በዚያ ቀን አንቺ የት ነሽ? ድምፁ የሚሰጠው ሞምባሳ ነው፣ ወኪላችን አንቺ ነሽ።

ፈትያ ይህን በባቡር ላይ ስታስበው ነው የመጣችው። "ጋሽ ሮብሌ ሞምባሳ ይሄዳሉ" አለች። "እኔ ወንበሬ ላይ ነኝ። እጄን ከጓንቱ ሳወጣ ከጎኔ ያለ ሰው ሊያየኝ ይገባል።"

ጋሽ ሮብሌ ፈረቃው በሚያልቅበት በስምንት ሰዓት ሞምባሳ ውስጥ ምን እንደሚሆን ከእሷ የተሻለ እንደሚያውቁ፣ ሙቀቱ ግን እንደሚያስመርራቸው ተናገሩ። ሰው ሳቀ። እጅ ሲወጣ የሚደግፈው በዛ፤ የተቃወሙትም በዚያ ቀን እንደማይገቡ ተናግረው ሄዱ። ማኅበሩ አልከለከላቸውም።

ወሬው ናሆም ዘንድ ሳይደርስ አልቀረም። ከዕለቱ አንድ ቀን በፊት በር ላይ ጠብቆ ፈትያን ለብቻዋ አነጋገራት። አልጮኸባትም፤ እንደ ጓደኛ ነው የለመናት። ከላይ ያሉት የአስተባባሪዎቹን ስም እየጠየቁት ነው። ከሰጠ እነሱ ተባረሩ፣ ካልሰጠ እሱ ተባረረ። ፈትያ የእሷን ስም ብቻ እንዲሰጥ ነገረችው። ሌላ ማንንም አላውቅም በል አለችው። ናሆም በሩን ከፍቶ ወደ ውስጥ ገባ።

የድምፁ ቀን በወደቡ ፀሐይ ነበር፤ ነፋስ አልነበረም። የክረምት ዕቃ የጫኑ መርከቦች ከወደቡ አፍ ጀምሮ ተሰልፈዋል። ፈትያ ጠዋቱን እንደ ሌላው ቀን ሠራች። ስምንት ሰዓት ሲቃረብ በመላው አዳራሽ ክሬኖቹ የያዙትን ሣጥን ቀስ እያሉ ወደ መሬት አወረዱ። በአየር ላይ የቀረ አልነበረም፤ በዚህ ሁሉም ተማምለው ነበር። ቢጫው መብራት በራ።

ፈትያ ጠበቀች። ተረካቢው ሲይዝ የሚሰማው ክብደት አልመጣም። ጓንቱ ባዶ ነው፤ የራሷ እጅ ብቻ ነበር ያለው። እጇን አወጣችና ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከጎኗ ያለው አወጣ። ከዚያ ወዲያ የጓንት ድምፅ በረድፉ ላይ እየተከታተለ ተሰማ። ማንም ከወንበሩ አልተነሣም።

ጥቂት ቆይቶ የፈትያ ጓንት ተነቃነቀ። አንድ ሰው ክሬኗን ይዟል። ከዱን ብላ አሰበች። ጓንቱ ቀስ ብሎ ተዘጋ፣ ያለ ሰው እጅ ጨበጥ አደረገ፣ እንደዚያው ቆየ። ጎረቤቶቿ ሁሉ ጓንቱን ነበር የሚያዩት። እሷም ዓይኗን አልነቀለችም፤ እጇንም አልመለሰችም። ክሬኑ አንድም ሣጥን ሳያነሣ ኋላ ላይ ጓንቱ ተከፈተ። ተመልሶ አልተዘጋም።

ከአዳራሹ ጫፍ ግን "አንዷ እየሠራች ነው" የሚል ድምፅ ተሰማ። ስክሪኑ ላይ ከዚያ ሁሉ ክሬን አንዷ ብቻ ሣጥን እያነሣች፣ ወደ መርከብ እየወሰደች፣ እየተመለሰች ነበር። ያንን ከሰዓት በኋላ ሙሉ ብቻዋን ስትሠራ ዋለች። ያንቀሳቀሰቻት ማን እንደነበረች ኋላ ማሪቴስ ተናገረች። ባሏ ሆስፒታል የተኛባት ሴት ናት፤ ኢሎኢሎ ላይ ሌላው ሁሉ ወንበሩን ትቶ ሲነሣ እሷ እያለቀሰች ሠራች። ማሪቴስ ማንም ቃል እንዳይናገራት ከልክላ ነበር።

አመሻሹ ላይ ጋሽ ሮብሌ ከሞምባሳ ደወሉ። እንደ ሬዲዮው ቀስ ብለው አልነበረም፤ እየተቻኮሉ ተናገሩ። የወደቡ ወሬ ጉባኤው አዳራሽ ሲደርስ የሰሜን አገሮች ልዑካን ድምፁ ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ ብለው ጠየቁ። ምርጫ ከፊታቸው አለ፤ በዚያ ወቅት ባዶ የሱቅ መደርደሪያ ለሕዝባቸው ማሳየት አይችሉም። የጉባኤው ሰብሳቢ አልፈቀደም። ያን ጊዜ አምባሳደር ህሊና ስልካቸውን ይዘው ወጡ። አዲስ አበባ አሁን ከቀረጡ ይልቅ የፈራችው የቆመውን ወደብ ነበርና ሲመለሱ ትእዛዛቸው ተቀይሮ ነበር፤ አንቀጹ ይውጣ የሚለውን አልደገፉም፣ አልተቃወሙምም፣ ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ሌሎች የአፍሪካ መንግሥታትም እሳቸውን አይተው እንደዚያው አደረጉ። ይውጣ የሚለው ሐሳብ ወደቀ። አንቀጽ አራት ባለበት ጸደቀ።

ፈትያ ስልኩን ዘግታ ለሠራተኞቹ ነገረቻቸው። ሰው የሚያደርገው ጠፋው። ጥቂቶች ተቃቀፉ። አሰግድ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ውሎ ነበርና ሄዳ ነገረችው። በግራ እጁ ጨበጣትና ለብዙ ጊዜ አልለቀቃትም።

በሚቀጥለው ቀን ድርጅቱ አዳራሹን ዘጋ። ለሳምንት ያህል ሠራተኞቹ በየፈረቃቸው ሰዓት ጃኬታቸውን ይዘው እየመጡ በሩ ፊት ለፊት ጥላ ሥር ይቀመጡ ነበር። መርከቦቹ መቆማቸውን የሚሰሙት ከከተማው ሬዲዮ ነው። ኢሎኢሎም እንዲሁ ተዘግታ ነበር። በስምንተኛው ቀን በሩ ተከፈተ። ሠራተኛው መዳፉን በሩ ላይ እያስነካ አንድ በአንድ ገባ። የፈትያ ተራ ሲደርስ መዳፏን አስነካች፤ በሩ አልተንቀሳቀሰም። ጠረገችና ደግማ አስነካች።

ከኋላዋ ያሉት ቆሙ። መግባት ካልቻልሽ አንገባም አሏት። ፈትያ ግን ዞራ እንዲገቡ ነገረቻቸው። አንቀጹ ሕግ የሚሆነው አገሮች ሲያጸድቁት ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሰው ወንበሩ ላይ መገኘት አለበት አለች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ዝግ ያለ ነበርና ለመስማት ተጠጉ። ገቡ። በመስኮት ናሆም ያያት ነበር። ሊወጣ ይፈልግ አይፈልግ አይታወቅም፤ ብቻ አልወጣም። ድርጅቱ የወሰደው እሱ የሰጠውን አንድ ስም ብቻ ነበር።

ያን ቀን ከዚራን አቋርጣ ወደ ቤት በእግሯ ሄደች። ጀማል በከተማው እህል በረንዳ አካባቢ ካለው የመለዋወጫ ሱቁ ገና አልተመለሰም። ጃኬቷን አጥባ አሰጣችው፤ ከእንግዲህ ለሌላ ወንበርተኛ ነው። ሲመጣ ነገረችው። ጀማል የፈራው ይህንኑ ነበርና ብዙ አልተናገረም፤ ትከሻሽ ያርፋል ብቻ አላት። አለቀሰች። ጠዋት ሲነጋ ግን ከልማድ የተነሣ ነፋሱን ጠየቀች፤ ከዚያ ስልኩን አስቀምጣ ተጣጠበችና ወደ ማኅበሩ ቢሮ ሄደች።

ቀጣዮቹ ወራት እዚያ አለፉ። ጠዋት ጠዋት የጀማልን ሱቅ ትጠብቃለች፤ ከሰዓት በኋላ ከማሪቴስ ጋር እየተደዋወለች የትኛው አገር መቼ ስለ ስምምነቱ እንደሚወያይ ትከታተላለች። የወደቡ አገር ምርጫ ተደርጎ መንግሥቱ ወደቀ። የንግድ ድርድሩ ለሁለት ጊዜ ተላለፈ፤ ያለ ቀረጥ ይገባል የተባለው ቡናና ቆዳም ሳይወሰን ቀረ። ከተማው ውስጥ በዚህ የተቆጡ ነጋዴዎች ነበሩ፤ አንዱ ገበያ መሃል አግኝቷት አገር ጎዳሽ ብሏታል። ቆማ እስኪጨርስ ሰማችው። ማሪቴስ አገር ላይ ስምምነቱ ጸደቀ። ቀጥሎ ሁለት አገሮች አጸደቁት። አንድ ቅዳሜ ጋሽ ሮብሌ በሬዲዮ የአገራችን ምክር ቤት ጉዳዩን በቋሚ ኮሚቴ ሊሰማ ነው ብለው አነበቡ፤ ምስክር ሆና የተጠራችው ፈትያ መሆኗንም ጨመሩ።

አዲስ አበባ ከአሰግድ ጋር ሄዱ። የኮሚቴው ክፍል ሰፊ ነበር፤ መስኮቶቹ ከፍታ ላይ ስለሆኑ ሰማይ ብቻ ይታያል። አምባሳደር ህሊና ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበርና ሲያዩዋት አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ። የድርጅቱ ጠበቃ ስምምነቱ ቢጸድቅ አዳራሹ ወደ ሌላ አገር እንደሚሄድ ረጋ ባለ አነጋገር አስረዳ። ፈትያ በተራዋ ስለ ሁለቱ አዳራሾች፣ እንዴት አንዱን በሌላው ሲያስፈራሩ እንደኖሩ፣ ድርጅቱ ወደ ኢሎኢሎ ቢሄድ እዚያም ማኅበር እንዳለ ተናገረች። አሰግድ እጁን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ እንደራሴዎቹ አንገታቸውን አስግገው አዩት።

ከዚያ ከኮሚቴው አባላት አንዱ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ያደረጉ ሰው፣ ፊታቸው ያለውን አንብበው ቀና አሉ። ከድርጅቱ በተገኘ መረጃ መሠረት ወይዘሮ ፈትያ በአዳራሹ አይሠሩም፣ ትክክል ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ትክክል ነው አለች።

"እንግዲያው እዚህ የተገኙት በማን ስም ነው?"

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ፈትያ ማይክራፎኑን ትንሽ ወደ ራሷ ሳበችው።

"በወንበርተኞቹ ስም" አለች። "እነሱ አሁን ፈረቃ ላይ ናቸው። እኔ ጊዜ አለኝ።"